ከጡት ኦፕራሲዮን በኋላ እጅሽን ወደ ሥራ መመለስ፦ ከአልጋ እስከ ምጣድ፣ ደረጃ በደረጃ

ከሆስፒታል ስወጣ የተሰጠኝ ምክር አንድ ነበር፤ «ከባድ ነገር እንዳታነሺ»። ከባድ ማለት ስንት ኪሎ ነው? እስከ መቼ? አልተነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ቤት ገብቼ እጄን በነጠላ አንገቴ ላይ አሰርኩና ሦስት ሳምንት ሙሉ ተቀመጥኩ። እህቴ ታጎርሰኛለች፣ ጎረቤት ልብስ ታጥብልኛለች፣ እንደ አራስ ነው የተያዝኩት። በአራተኛው ሳምንት ከመደርደሪያ ላይ የበርበሬ ጣሳ ላወርድ እጄን ሳነሳ ትከሻዬ ጋ ሲደርስ ቆመ። ዝም ብሎ ቆመ። እሱን ለማስለቀቅ አምስት ወር ፈጀብኝ።

ከዚያ ወዲህ ያገኘኋቸው ሴቶች የሚሳሳቱት በሁለት መንገድ ነው። አንዷ እንደ እኔ እጇን አስራ ታስቀምጣለች። ሌላዋ ሕመሙ ቀለል ሲላት በሁለተኛው ሳምንት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ታነሳለች፤ ማታ ደረቷ ተነፍቶ ታድራለች። ይሄ መመሪያ ለሁለቱም ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። የጻፍኩት በካንሰር ምክንያት ጡታቸው ሙሉ በሙሉ ወጥቶ ከብብታቸውም እጢ (ጀርም የሚከላከለው ሊምፍ ኖድ) ለተወሰደላቸው ነው። እባጩ ብቻ የወጣላት ሴት በዚሁ ቅደም ተከተል ትሄዳለች፣ ግን ቶሎ ትጨርሳለች። ጡት በፕላስቲክ ሰርጀሪ ተመልሶ የተሠራላችሁ (ውጭ አገር ያላችሁ ብዙዎቻችሁ ማለት ነው) የኔን የጊዜ ገደቦች አትከተሉ፤ የሰርጅናችሁ ገደብ ይለያል። ለሁላችንም ግን ሐኪሙ ያለው ከእኔ ይበልጣል።

«የኦፕራሲዮኑ እጅ» ስል ጡቱ በወጣበት በኩል ያለው ማለቴ ነው። ሌላውን «ደህነኛው እጅ» እለዋለሁ።

ደረጃ 1፦ ሆስፒታል ከመግባትሽ በፊት

ይሄን ክፍል የሚዘለው ብዙ ነው። አትዝለዪው።

1. ሁለቱንም እጅሽን ለኪ። ልብስ ሰፊ የሚጠቀምበትን ሜትር ውሰጂ። የእጅ አንጓሽን ዙሪያ፣ ከክርንሽ በታች 10 ሳንቲ ሜትር ላይ፣ ከክርንሽ በላይ 10 ሳንቲ ሜትር ላይ። ስድስት ቁጥር ይሆናል፣ ደብተር ላይ ጻፊው። በኋላ «እጄ አብጧል ወይስ መስሎኝ ነው?» ስትዪ መልሱ እዚያ ነው። ኦፕራሲዮኑ ካለፈም አሁኑኑ ለኪ፤ ከምንም ይሻላል።

2. ጓዳውን አውርጂ። በየቀኑ የምትነኪውን ዕቃ ሁሉ (ጨው፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ስኒ) ከወገብ እስከ ደረት ባለው ከፍታ ላይ አድርጊ። ትልቁን የሽሮ ዕቃ ወደ ትናንሽ ጣሳዎች አከፋፍይው።

3. ልብስ አዘጋጂ። ከፊት የሚከፈት ሸሚዝ ወይም ጋውን ያስፈልግሻል። በራስ የሚጠለቅ ቀሚስ ለአንድ ወር እርሺው።

4. ፀጉርሽን ተሠሪ። ሹሩባ ተሠርተሽ ብትገቢ ለሁለት ሳምንት ማበጠሪያ አያስቸግርሽም።

5. ለሐኪሙ አራት ጥያቄ ጠይቂና መልሱን ጻፊ። ከብብቴ እጢ ይወጣል ወይ፣ ምን ያህል? እጄን ከትከሻ በላይ ማንሳት የምችለው ከስንተኛው ቀን ጀምሮ ነው? ድሬኑ (ከቁስሉ ፈሳሽ የሚያወጣው ቱቦ) የሚነቀለው ፈሳሹ በቀን ስንት ሚሊ ሊትር ሲሆን ነው? ሌሊት ችግር ቢመጣ የት ልደውል?

ደረጃ 2፦ የመጀመሪያው ሳምንት

እጅሽን አትሰሪው። አንገትሽ ላይ አታንጠልጥዪው። ይሄን ለአስታማሚዎችሽም ንገሪያቸው፣ ምክንያቱም ነጠላ ይዘው የሚመጡት እነሱ ናቸው፤ ከፍቅር ነው፣ ግን ትከሻ የሚደርቀው እንደዚያ ነው።

በኦፕራሲዮኑ እጅ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የምትሠሪው ቀላል ነገር አለ። ብዪበት። ፊትሽን ታጠቢበት። ልብስሽን ቆልፊበት። ስልክሽን ያዢበት። ከትከሻ በላይ ግን አታንሺው፣ አትደገፊበትም፣ በእሱ ተገፍተሽ ከአልጋ አትነሺም።

ከአልጋ መነሳት። በጀርባሽ እያለሽ ጉልበትሽን እጠፊ፣ ወደ ደህነኛው ጎን ተንከባለዪ፣ እግሮችሽን ከአልጋው አውርጂ፣ ከዚያ በደህነኛው እጅ ፍራሹን ገፍተሽ ተቀመጪ። ሰው ሊያስነሳሽ ቢፈልግ ከጀርባሽ ይደግፍሽ እንጂ እጅሽን አይጎትት።

መተኛት። በጀርባ ወይም በደህነኛው ጎን። ከኦፕራሲዮኑ እጅ ሥር ትራስ አድርጊ፣ እጁ ከልብሽ ከፍ ይበል። ቀን ላይም 45 ደቂቃ ያህል እንደዚሁ ጋደም ብለሽ እጁን ከፍ አድርጊ፣ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ።

ቀጥሎ ያሉትን በቀን ከሦስት እስከ አራት ጊዜ ሥሪ፦

- መዳፍሽን ጨብጪና ዘርጊ፣ ከ15 እስከ 25 ጊዜ። ካልሲ ጠቅልለሽ ብትጨብጪ ይቀላል።
- ክርንሽን እጠፊና ዘርጊ፣ ያንኑ ያህል።
- ሁለቱንም ትከሻ ወደ ጆሮሽ ከፍ፣ ወደ ኋላ ዞር፣ ወደ ታች ዝቅ፤ አምስት ጊዜ ወደ ኋላ ብቻ።
- በአፍንጫሽ በረጅሙ ሳቢ፣ በአፍሽ ቀስ ብለሽ አውጪ። ደረትሽ ሲሰፋ ስፌቱ ይወጠራል። መወጠሩ አያስፈራሽ፣ አይበጠስም።

ለመራመድም አትጠብቂ። በመጀመሪያው ቀን እስከ ሽንት ቤት፣ በሦስተኛው ቀን ግቢውን ዙሪያ፣ ከዚያ በየቀኑ ትንሽ ጨምሪ። ተኝቶ መሰንበት እግር ላይ ደም ያረጋል። ስትራመጂ እጅሽን ደረትሽ ላይ አጣብቀሽ አትሂጂ፤ እንደወትሮሽ ይወዛወዝ።

የሕመም ማስታገሻውን ከእንቅስቃሴው ግማሽ ሰዓት ቀድመሽ ውሰጂ። «ኪኒን አላበዛም» እያልሽ በሕመም ተኮራምተሽ መቀመጥ ምንም አይጠቅምሽም።

ጠያቂዎችሽ። ይሄ ቀልድ ይመስላል ግን አይደለም። እኛ አገር ሰላምታ ትከሻ በትከሻ ነው። የመጀመሪያዋ ጠያቂዬ አክስቴ ነበረች፤ እያለቀሰች ገብታ በትከሻዋ ቁስሌን አገኘችው። ጩኸቴን ሰፈሩ ሰማ። በር ላይ የሚቆም ሰው አድርጊ፣ ወይም አንቺ ራስሽ ቀድመሽ እጅሽን ዘርጊ፤ «ቁስል ላይ ነኝ፣ በሩቁ» በይ። ማንም አይቀየምሽም።

ደረጃ 3፦ ከድሬን ጋር መኖር

ድሬን ማለት ከደረትሽ ወጥቶ ጫፉ ላይ የሚጨመቅ ኳስ መሳይ ዕቃ ያለው ቱቦ ነው። ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ይቆያል።

1. በቀን ሁለቴ፣ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት ባዶ አድርጊው። መጀመሪያ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ።
2. ክዳኑን ክፈቺ፣ መለኪያ ያለው ዕቃ ውስጥ ገልብጪ፣ ሚሊ ሊትሩን ጻፊ።
3. ኳሱን ጭምቅ አድርገሽ እንደተጨመቀ ክዳኑን ዝጊ። ሁሉም የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ኳሱ ተነፍቶ ከተዘጋ ፈሳሽ አይስብም፣ ፈሳሹ ደረትሽ ውስጥ ይቀራል።
4. ኳሱን በመርፌ ቁልፍ ከልብስሽ ጋር አያይዢው፣ ወይም ትንሽ የጨርቅ ከረጢት ሰፍተሽ አንገትሽ ላይ አንጠልጥዪው። ተንጠልጥሎ ከቀረ የበር እጀታ ይይዘዋል። ያን ጊዜ የሚሰማሽን አልነግርሽም።

ቀለሙ መጀመሪያ ቀይ ይሆናል፣ ከዚያ ይደበዝዛል፣ ወደ ቢጫነት ይሄዳል። በ24 ሰዓት ከ30 ሚሊ ሊትር በታች ሆኖ ለሁለት ቀን ከቆየ ብዙ ሐኪሞች ያወጡታል። ራስሽ አታውጪው፣ ጎረቤት ያለች ነርስም ያለ ሐኪሙ ቃል አታውጣው።

*ቢበላሽስ?* እየቀነሰ የነበረው ፈሳሽ እንቅስቃሴ በጨመርሽበት ቀን ከፍ ካለ አብዝተሻል፤ በማግስቱ ግማሹን ብቻ ሥሪ። በድንገት ደማቅ ቀይ ሆኖ ኳሱን ቶሎ ቶሎ ከሞላው ወይም ፈሳሹ ድንገት ቆሞ ደረትሽ ካበጠ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሂጂ።

ጠበል የሚሄድ ሰው ካለ፦ ቁስሉ እስኪደርቅና ድሬኑ እስኪወጣ ውኃ ቁስሉ ላይ አይውረድ። መጠጣት፣ ፊትሽንና እግርሽን መረጨት ትችያለሽ። ቅቤ፣ ማር፣ ፌጦ ግን ስፌት ላይ አይደረግም፣ ማንም ቢያዝ።

ደረጃ 4፦ ድሬኑ ወጣ፣ ግድግዳውን ጀምሪ

ዋናው ሥራ ይሄ ነው። ሐኪምሽ ከትከሻ በላይ ማንሳት ትችያለሽ ካለ በዚያው ሳምንት ጀምሪ። ሙቅ ሻወር ከወሰድሽ በኋላ ጡንቻው ስለሚላላ ያን ሰዓት ምረጪ።

ሀ. በግድግዳ መውጣት። ፊትሽን ወደ ግድግዳ አዙረሽ ቁሚ፣ ጣቶችሽ በቀላሉ እንዲደርሱ ያህል ቅረቢ። መጀመሪያ ደህነኛውን እጅ እስከቻለ ድረስ ዘርጊና ጫፉ የደረሰበት ቦታ ላይ በእርሳስ መስመር አስምሪ። ግብሽ እሱ ነው። አሁን የኦፕራሲዮኑን እጅ መዳፍ ደረትሽ ትይዩ ግድግዳው ላይ አድርጊ። ጣቶችሽን እንደ ሸረሪት እያስኬድሽ ወደ ላይ ውጪ። ብብትሽ ሥር መሳብ ሲሰማሽ ቁሚ። አትገስግሺ። አምስት ድረስ ቁጠሪ፣ ተንፍሺ። ከዚያ እንደወጣሽው ጣት በጣት ውረጂ። እጅሽን ከላይ ጣል አታድርጊው፤ ብዙዎች የሚያማቸው ሲወጡ ሳይሆን እጁን ሲለቁት ነው። ከአምስት እስከ ሰባት ጊዜ ደግሚው።

የደረስሽበትን ቦታ አስምረሽ ቀኑን አጠገቡ ጻፊ። በየቀኑ ሳይሆን በየሦስት ቀኑ፤ በየቀኑ ካየሽው ተስፋ ትቆርጫለሽ። የእኔ መስመሮች መጀመሪያ ላይ በሳምንት የሁለት ጣት ስፋት እንኳ አልተራራቁም ነበር።

ፊት ለፊቱ ሲለምድሽ ጎንሽን ወደ ግድግዳው አዙረሽ ያንኑ ሥሪ። ይሄኛው ይከብዳል። ትከሻሽን ወደ ጆሮሽ እያነሳሽ ግድግዳውን እንዳታታልዪ፤ ትከሻ ዝቅ፣ ክንድ ብቻ ከፍ።

ለ. የመጥረጊያ እንጨት። በጀርባሽ ተኚ፣ ጉልበት የታጠፈ። የመወልወያውን እንጨት በሁለት እጅ ያዢ፣ በእጆችሽ መካከል የትከሻሽ ስፋት ይኑር። በደህነኛው እጅ እየገፋሽ ወደ ራስሽ በላይ ውሰጂው። እስከሚሳብሽ ድረስ፤ አምስት ቁጠሪ፣ መልሺ። ከአምስት እስከ ሰባት ጊዜ።

ሐ. ክርን መክፈት። እንደተኛሽ ሁለቱን እጅ ከአንገትሽ ኋላ አቆላልፊ፣ ክርኖችሽ ጣሪያ ይመልከቱ። ከዚያ ቀስ ብለሽ ወደ ፍራሹ ክፈቻቸው። ጡት መያዣ መልበስና ፀጉር መሥራት የሚመለሰው በዚህ ነው።

መ. ጀርባ ማቅናት። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ሳናውቀው ወደ ፊት እንጎብጣለን፣ ደረታችንን ለመደበቅም ጭምር። ወንበር ላይ ቀጥ ብለሽ ተቀመጪ፣ ክርንሽን አጥፈሽ የትከሻ አጥንቶችሽን ወደ ኋላ አገናኚ። አምስት ጊዜ። ነጠላሽን ትከሻሽ ላይ ባስተካከልሽ ቁጥር ይሄን አስታውሺ።

ሁሉንም ጠዋትና ማታ ሥሪ። አንዴ አብዝቶ ከመሥራት ሁለቴ አሳንሶ መሥራት ይሻላል።

ምን ያህል ሕመም ነው ልክ? መሳብና መወጠር ልክ ነው። የሚወጋ፣ የሚያቃጥል ወይም ትንፋሽ የሚያስይዝ ሕመም ልክ አይደለም፤ አቁሚ። ካቆምሽ በኋላ በጥቂት ደቂቃ የሚለቅ ከሆነ ነገም ያንኑ ሥሪ። አድሮም ካለ በግማሽ ቀንሺ። ሙሉ በሙሉ ግን አትተዪው።

ደረጃ 5፦ ጓዳ፣ ልጅ፣ ታክሲ

እስከ ስድስተኛው ሳምንት በኦፕራሲዮኑ እጅ ከሁለት ኪሎ በላይ አታንሺ። ሚዛን አያስፈልግሽም፤ ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ውኃ ሁለት ኪሎ ነው። ከዚያ የሚከብድ ከመሰለሽ ተዪው።

ምጣድ። ከብብትሽ እስከ ክንድሽ ውስጠኛ ክፍል ድንዝዝ ማለቱን አስተውለሻል? እጢው ሲወጣ እዚያ የሚያልፈው የቆዳ ነርቭ ስለሚነካ ነው። ለብዙ ወራት ይቆያል፣ አንዳንዷ ላይ ጨርሶ አይለቅም። አሁን አስቢው፤ አክንባሎውን ስታነሺ እንፋሎቱ የሚያገኘው ያንኑ የደነዘዘውን ቦታ ነው። እኔ ስጋግር የተላጠ ቆዳዬን ያየሁት ማታ ልብስ ሳወልቅ ነው። ሲቃጠል አልተሰማኝም። እጢ የወጣበት እጅ ደግሞ ጀርም የመከላከል አቅሙ ስለሚቀንስ ትንሽ ቃጠሎ ትልቅ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። ስለዚህ፦

1. ከአራተኛው ሳምንት በፊት ምጣድ ጋ አትድረሺ።
2. እጅጌው ረጅም የሆነ የጥጥ ልብስ ልበሺ።
3. አክንባሎውን በደህነኛው እጅ አንሺ፣ አፉን ከአንቺ አዙረሽ።
4. ሊጡን በትንሽ ጆግ እየቀዳሽ አፍስሺ።
5. የመጀመሪያ ቀን አምስት እንጀራ ይበቃል። የቀረውን ባንቺ ፋንታ የሚጋግር ሰው ይጨርሰው፣ ወይም ግዢ።

ሊጥ ማቡካት፣ ቡና መውቀጥ፣ ብርድ ልብስ መጭመቅ እስከ ስምንተኛው ሳምንት ይቆዩ። ሦስቱም ክብደት የሌላቸው ይመስላሉ፤ ደረትን ግን እንደ እነሱ የሚገፋና የሚጎትት ሥራ የለም። ወጥ ማማሰል፣ ቡና መቁላት፣ ስኒ ማጠብ ግን ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ ጥሩ እንቅስቃሴ ነው። ሽንኩርት ተቀምጠሽ ክተፊ። ቢላዋ እጅሽን ቢቆርጠው ወዲያው በሳሙናና በውኃ ታጠቢ፣ ሸፍኚው፣ ለሁለት ቀን ተከታተዪው። ዕቃ ስታጥቢ ጓንት አድርጊ። ይሄ ጥንቃቄ የወር ሳይሆን የዕድሜ ነው።

ልጅ። የአንድ ዓመት ሕፃን ወደ አስር ኪሎ ይመዝናል። አታንሺው። ተቀመጪና እሱ ይውጣብሽ። ማዘል ደግሞ ከማንሳት ይብሳል፤ አንቀልባው የሚያልፈው በትክክል ጠባሳሽ ላይ ነው። ከስምንት ሳምንት በኋላ፣ ሐኪሙን ጠይቀሽ።

ታክሲ። የኦፕራሲዮኑ እጅ በመስኮቱ በኩል እንዲሆን ተቀመጪ፤ ያን ጊዜ ተሳፋሪ አይገፋሽም። በሩን ወያላው ይክፈት። ቦርሳሽ በደህነኛው ትከሻ። ባጃጅ ከሆነ ሹፌሩን ጉድጓድ ላይ ቀስ እንዲል ንገሪው። የራስሽ መኪና ካለሽ መሪውን በድንገት ማዞር እስክትችዪና ጠንካራውን ማስታገሻ እስክታቆሚ አትንጂ፤ ቀበቶው ከቆረቆረሽ ትንሽ ትራስ አድርጊበት እንጂ አትተዪው።

ስግደትና ሶላት። መሬት ወድቆ መነሳት የሰውነት ክብደት በሁለት መዳፍ ላይ ማሳረፍ ነው። ሁዳዴ ላይ ብትሆኚም ስግደቱ ይቆይ፤ ለንስሐ አባትሽ ንገሪ፣ አንገትሽን ዝቅ ማድረግ ይበቃል ይሉሻል። ሙስሊም እህቶቼም ወንበር ላይ ሆናችሁ በምልክት ስገዱ፤ ለታመመ ሰው የተፈቀደ ነው።

ሥራ። በግል ድርጅት ተቀጥረሽ ከሆነ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በ12 ወር ውስጥ እስከ ስድስት ወር የሕመም ፈቃድ ይሰጥሻል፤ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፣ የቀሩት ሦስት ያለ ክፍያ። የሐኪም ወረቀትሽን ኮፒ አስቀሪ። የቢሮ ሥራ ከሆነ ብዙ ሴቶች ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ይመለሳሉ። ዕቃ የምታነሺ፣ የምታጸጂ፣ ገበያ የምትሸከሚ ከሆነ ግን በዚህ ሒሳብ አትመለሺ።

ደረጃ 6፦ ክብደት ማንሳት

ከስድስተኛ እስከ ስምንተኛው ሳምንት፣ ቁስሉ ከደረቀና እጅሽ ወደ ላይ መውጣት ከለመደ በኋላ።

ድሮ «ዕድሜ ልክሽን በዚህ እጅ አታንሺ» ይባል ነበር። አሁንም የሚል አለ። በ2009 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ እጃቸው ባበጠ 141 ሴቶች ላይ የተደረገ ጥናት ግን ክትትል እየተደረገ ቀስ በቀስ ክብደት መጨመር እብጠቱን እንደማያባብሰው አሳይቷል። ቁልፉ «ቀስ በቀስ» የሚለው ነው።

1. በግማሽ ሊትር ሃይላንድ ጀምሪ፣ ግማሽ ኪሎ ማለት ነው። ክርን ማጠፍ፣ ወደ ጎን ማንሳት፣ ወደ ፊት ማንሳት፤ እያንዳንዱን አስር ጊዜ፣ በሳምንት ሁለቴ፣ በመካከሉ ዕረፍት።
2. ሁለት ሳምንት እጅሽ ሳይከብድሽና ሳያብጥ ከሄደ ወደ አንድ ሊትር እለፊ። ከዚያ አንድ ተኩል።
3. ጀሪካን የምታነሺ ከሆነ ወደ ባለ 5 ሊትሩ ሂጂ፣ እየቀያየርሽ በሁለቱም እጅ። ባለ 20 ሊትሩን ለሌላ ሰው ተዪለት፤ አቅሙ ቢመለስልሽም ውኃ በትንሽ በትንሹ መቅዳት ነውር የለውም።
4. ለአንድ ሳምንት ከታመምሽ ወይም ኬሞ (የካንሰር መድኃኒቱ) ካደከመሽ፣ ስትመለሺ ካቆምሽበት ሳይሆን ከአንድ ደረጃ በታች ጀምሪ።

ጎን ለጎን የእግር ጉዞ። ግብሽ በሳምንት 150 ደቂቃ ነው፤ በቀን ግማሽ ሰዓት አምስት ቀን። ኬሞ በወሰድሽ ሳምንት አስር ደቂቃም ይቆጠራል።

ሲበላሽ ምን ታደርጊያለሽ

ብብትሽ ሥር የክራር ክር የመሰለ ነገር ከተወጠረ። እጅሽን ስታነሺ ከብብት እስከ ክርን፣ አንዳንዴም እስከ አንጓ ይታያል፣ ይዳሰሳል። ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ይመጣል። ካንሰሩ ተመልሶ አይደለም። ብዙዎች ደንግጠው እንቅስቃሴውን ያቆማሉ፤ መልሱ ግን ተቃራኒው ነው። ግድግዳውን ቀጥዪ፣ ፊዚዮቴራፒስት ካገኘሽ አሳዪ።

ድሬኑ ከወጣ በኋላ ደረትሽ ወይም ብብትሽ ውኃ የያዘ ከረጢት ከመሰለ። ፈሳሽ ተጠራቅሟል። ትንሽ ከሆነ ራሱ ይመጠጣል። ከወጠረሽ ሐኪሙ በመርፌ ይቀዳዋል። ቤት ውስጥ አትውጊው፣ አትጭመቂው።

ቀለበትሽ ከጠበበ፣ እጅሽ ከከበደሽ፣ የሰዓትሽ ማሰሪያ ምልክት ካስቀረ። ሜትሩን አውጪ፣ ከደብተርሽ ጋር አስተያዪ። የሁለት ሳንቲ ሜትር ልዩነት ካለ አትጠብቂ፤ ሐኪም አሳዪ። እስከዚያ እጁን ከፍ አድርገሽ መዳፍሽን እየጨበጥሽ ዘርጊ። በነጠላ ወይም በፋሻ ጥብቅ አድርገሽ አትሰሪው። ልኩን የጠበቀ የግፊት እጅጌ የሚታዘዘው በባለሙያ ነው።

ወጌሻ ጋ አትሂጂ። ይሄን ጠንከር አድርጌ ነው የምለው። ወለምታ አይደለም፤ የሚጎተት፣ የሚታሽ፣ ዋግምት የሚደረግበት እጅ አይደለም። የጋለ ጨርቅም አትያዢበት፤ የደነዘዘ ቆዳ ሲቃጠል አይናገርም።

እጅሽ ወይም ደረትሽ ከቀላ፣ ከሞቀ፣ ካንቀጠቀጠሽ ወይም ትኩሳትሽ 38 ከደረሰ። በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት። ሌሊትም ቢሆን። ኬሞ ላይ ከሆንሽ በተለይ።

ትንፋሽ ካጠረሽ፣ ደረትሽን ከወጋሽ ወይም አንድ እግርሽ ብቻ ካበጠ። ድንገተኛ ክፍል። እንቅስቃሴውን አቁሚ፣ ማስታገሻ ወስደሽ አትተኚ።

አንዱ የትከሻ አጥንትሽ ከጀርባሽ እንደ ክንፍ ከወጣ። ግድግዳ ስትገፊ በመስታወት ወይም ሰው ሲያይልሽ ይታወቃል። የነርቭ ጉዳይ ሊሆን ስለሚችል በሚቀጥለው ቀጠሮሽ ተናገሪ።

ጨረር የሚቀርሽ ከሆነ

ለጨረር የምትተኚው በጀርባሽ፣ እጅሽን ከራስሽ በላይ አድርገሽ፣ ንቅንቅ ሳትዪ ነው። እጁ ካልወጣ ማሽኑ ላይ መተኛት አትችዪም። ጥቁር አንበሳም ይሁን ጅማ፣ ተራ ጠብቀሽ የደረሰሽ ቀን እጅሽ ስለደረቀ ብትመለሺ እንዴት ይቆጭሻል። ስለዚህ ከቀጠሮሽ አንድ ወር በፊት ተኝተሽ ሞክሪው፤ እጅሽን ከራስሽ በላይ አድርገሽ አስር ደቂቃ መቆየት ካቃተሽ በደረጃ 4 ያለውን በቀን ሦስቴ አድርጊው።

ጨረሩ እየተሰጠሽም ግድግዳውን አታቁሚ። ቆዳው ከተላጠ ቀለል አድርጊው። ካለቀ በኋላ ጡንቻው ለወራት፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ፣ እየተኮማተረ ይሄዳል፤ ደህና የነበረ እጅ በስድስተኛው ወር ሊደርቅ የሚችለው ለዚህ ነው። በሳምንት ጥቂት ቀን ቀጥዪበት፣ በወር አንዴ መስመርሽን አስምሪ።

የእኔን መስመሮች ባለፈው ቤት ሲቀባ ቀለም ቀቢው አጠፋብኝ። ተናድጄ ሳበቃ እርሳስ አንስቼ በአዲሱ ቀለም ላይ እንደገና አሰመርኩ፤ ባለቤቴ እስካሁን ያጉረመርማል።